ሰው ይከብዳል

የርካሹ ላፕቶፔ ማራገቢያ ማጓራት ሲጀምር የትውልድ ከተማዬ መካነ ኢየሱስ ትመጣብኛለች። አስተማሪው ታላቅ ወንድሜ አሮጌ ኮምፒውተሩ ላይ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም ይጫወት ነበር። አውሮፕላኑ አየር ላይ እየተንቀረፈፈ ሲያስቸግረው መጀመሪያ ደመናውን፣ ቀጥሎ ዛፉን፣ በመጨረሻ ቤቱን ሁሉ ከጌሙ አጠፋ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹስ የት ይግቡ?» አልሁት።

«ማሽኑን ብታስጨንቂው ይቃጠላል። ማራገፍ ነው እንጂ! ሰው ይከብዳል» አለኝ። ጓዳ ታማ የተኛችው እናታችን «ውሃ» ብላ ስትጣራ እንኳ ዞር አላለም።

በሳምንቱ ኮምፒውተሩን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ፤ ዳግመኛ አልጠየቀንም። ስረግመው ኖርሁ።

ዛሬ ባሕር ዳር ከተማ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ያው ጌም እንዲቀለኝ ዛፎቹን ሳጠፋ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። አላነሳሁትም፤ ቤቶቹ ገና ይቀሩኝ ነበር።