ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ

ሙደሲር ሲራጅን የማያውቅ ሰው በፒያሳ ከነበረ፣ ያ ሰው የተበላሸ ዕቃ አልነበረውም ማለት ነው። የተበላሸ ዕቃ የሌለው ሰው ደግሞ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከአትክልት ተራ እስከ ሥላሴ ፈልጌ አላገኘሁም።

ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ያስገባል፣ በመካከሉ ሻይ ይጠጣል። ከሥራ ሲወጣ ግን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለችው ቤቱ ሌላ ሰው ይሆናል። ቤቲቱ ሁለት ክፍል ናት። በአንደኛው እሱና ባለቤቱ ሸፊቃ ይኖራሉ፤ በሁለተኛው አሥራ አራት ሬዲዮ፣ ስድስት የኤሌክትሪክ ካውያ፣ ሦስት ቴፕና ማን እንዳመጣው የተረሳ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ይኖራሉ። ሸፊቃ «ቀበሌ እነዚህንም ቢመዘግብልኝ ኖሮ የስኳር ራሽናችን ለሃያ ስድስት ሰው ይሆን ነበር» ትላለች።

ለጥገናው አይከፈለውም፤ አይጠይቅምም። «ሥራ አይደለም፣ አመል ነው» ይላል። የሚፈልገው ዕቃው ለምን እንደታመመ ማወቅ ብቻ ነው። አንዳንዱን ሬዲዮ ከዳነ በኋላ እንኳ ሦስት ሳምንት ያቆየዋል፤ የዳነበት ምክንያት አልገባውማ!

ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪሱ ካቻቪቴ ሰክቶ እኔና ጓደኞቼ ወደምንሰበሰብበት ካፌ ይመጣል። ማኪያቶውን እያማሰለ በዓለም ላይ ባሉ ዕቃዎች ሁሉ ላይ ፍርድ ይሰጣል። እኛ እናስለፈልፈዋለን።

«ሬዲዮ በጥፊ መምታት በአዋጅ መከልከል አለበት» ይላል። «ጥፊ ያስለመድከው ሬዲዮ ያለ ጥፊ አይናገርም። ከዚያ እኔ ጋ ታመጣዋለህ። ከፍቼ ሳየው ምንም አልሆነም፤ ፈርቶ ነው።»

«ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትስ?»

«እሱ ትክክል ነው። ግን ልክ አለው። የተሰጣ ባትሪ ለዜናው ይበቃል፤ ለስፖርቱ አይደርስም።»

ቁጥሩ የሚበራ የእጅ ሰዓት ያሰረ ጓደኛችን ክንዱን ሲዘረጋለት ገልመጥ አደረገው። «ሰዓት ማለት ተከፍቶ ጥርሱ ሲታይ ነው። ይሄ ጥርስ የለውም። ጥርስ የሌለውን ነገር አላምንም።»

«ኧረ ሙዴ፣ አያቴን አትንካብኝ!»

ከሁሉ የጸና እምነቱ ግን ስለ ቡሎን ነው። ሙደሲር ከፍቶ የዘጋው ዕቃ ሁሉ ቡሎን ያተርፋል። አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ አራት። ይህን እንደ ጉድለት የሚያነሳበት ሰው ካለ ይስቃል። «ፋብሪካ ፈሪ ነው። ሲፈራ አብዝቶ ያስራል። እኔ የማወጣው ፍርሃቱን ነው።» የወጣውን ፍርሃት በሙሉ በአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅማል። ጣሳው በዚያን ጊዜ ሞልቶ ነበር። ቢገጣጠም፣ እንደኔ ግምት፣ ከድሬዳዋ ባቡር ሁለት ፉርጎ ይወጣው ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው የቀበሌያችን ቴሌቪዥን ያሸነፈው።

ቴሌቪዥኑ በአዳራሹ ፊት ለፊት፣ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጥቁርና ነጭ ነው። ከላይና ከኋላው እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ለማንሳት አራት ጠንካራ አባላት የሚጠይቅ ሣጥን። ቅዳሜ ቅዳሜ ነዋሪው ተሰብስቦ ያየዋል። መቅረት የለም፤ ስም ይጠራል። መጀመሪያ ዘፈን ይመጣል፣ ከዚያ ዜና፣ ከዚያ ንግግር።

ከመስከረም ጀምሮ አንድ ሕመም ያዘው። ዘፈኑን አሳምሮ ያሳያል። ዜናውን ያደርሳል። ተናጋሪው ብቅ ብሎ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ «ሁለተኛው ነጥብ» ሲል ድርግም! የመጀመሪያ ቀን ሕዝቡ ንግግሩ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። በሁለተኛው ቅዳሜም ጠፋ። በሦስተኛውም።

ሙደሲር ሦስት ጊዜ ወደ ቤቱ አስወሰደው። ከመወሰዱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ሥርዓት አለ። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ ሰርክአዲስ ይመጡና ቴሌቪዥኑን ያለበሱትን ዳንቴል በሁለት እጃቸው ገፈው፣ አጥፈው፣ ይዘውት ይሄዳሉ። ዳንቴሉን በእጃቸው ነው የሠሩት፤ አራት ወር ፈጅቶባቸዋል። መካከሉ ላይ ማጭድና መዶሻ አለ። ቀዳዳው እንዲጎላ ከሥሩ ድርብ ቀይ ጨርቅ ገበር ሰፍተውለታል። ቴሌቪዥኑ ታክሞ እስኪመለስ አጥበው፣ በስታርች አድርቀው፣ ተኩሰው መልሰው ያለብሱታል።

ሙደሲር ቤት ግን ሕመምተኛው ጤነኛ ነው! ክዳኑን ከፍቶ ሦስት ሰዓት ያበራዋል፤ ቅንድቡን አይነቀንቅም። ሸፊቃ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው መዝሙር አየችው። ቫልቮላ ለወጠ፣ ሽቦ ቀጠለ፣ አቧራ ጠረገ፣ አራት ቡሎን አተረፈ። አዳራሽ ሲመለስ፣ «ሁለተኛው ነጥብ»፣ ድርግም። ደብተር ገዝቶ ሰዓት መያዝ ጀመረ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት።

«ሰው ቢሆን ኖሮ ቀጠሮ አክባሪ ነው ብዬ አደንቀው ነበር» አለን፣ ደብተሩን ካፌ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ።

ነገሩ ሳቅ መሆኑ የቀረው ጓድ እምሩ መዝገብ ቤት ድረስ የመጡ ዕለት ነው። ጓድ እምሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ናቸው። ክረምት ከበጋ ካኪ ኮት ለብሰው በላዩ ጋቢ ይደርባሉ፤ ከብርድ ጋር የቆየ ጠብ አላቸው።

«ሙደሲር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምን ዘፈኑ ላይ አይጠፋም?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አንተ የምትጠይቀው ማንን ነው?»

«ቴሌቪዥኑን።»

«እኔ የምጠይቀው አንተን ነው። የፊታችን ቅዳሜ ከበላይ ሦስት እንግዶች መጥተው ከሕዝቡ ጋር ንግግሩን ያያሉ። ከጠፋ ብልሽት አይባልም፣ አሻጥር ነው የሚባለው። ሦስት ጊዜ የከፈተው ማነው ሲባል ደግሞ እኔ ስም አልደብቅም። ቤትህ ውስጥ አሥራ አራት ሬዲዮ ምን ይሠራል የሚልም ይመጣል።»

ሙደሲር ያን ዕለት ማኪያቶውን ሳይጠጣ ሄደ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትለው ቃል ምን ያህል ሰው ከቤቱ እንዳስወጣች የሚያውቅ ያውቃል።

በዚያው ሳምንት እነ ሙደሲር መሥሪያ ቤት አዲስ የገባው ኮምፒዩተር ሥራ ጀመረ። ሙደሲር ከመጣ ጀምሮ ከመስታወቱ ውጭ እየቆመ ያየው ነበር።

«ሦስት ቁም ሣጥን ያህላል» ብሎናል። «ስም በፊደል ተራ ይደረድራል።»

«እሱንማ አንተም ትሠራለህ» አልኩት።

«እኔ በመካከሉ ሻይ እጠጣለሁ፤ እሱ አይጠጣም። ልዩነታችን ይኸው ነው።»

«ውስጡን አየኸው?»

«መቼ አስገቡኝ!» አለ፣ ሠርግ እንዳልተጠራ አጎት።

ሐሙስ ግን አስገቡት። የኮምፒዩተሩ ሠራተኛ ምብራት የምትባል ወጣት ናት፤ የሠራተኛ ዝርዝር የያዙ ፋይሎች እንዲያመጣላት ላከችበት። ጫማውን አውልቆ፣ አሥራ ሁለት ፋይል ታቅፎ፣ መስጊድ የሚገባ ያህል ዝግ ብሎ ገባ። ውጪው የመጋቢት ፀሐይ ነው፣ ውስጡ ግን እንጦጦ ሌሊት። ምብራት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባለች።

«ይሄ ሁሉ ማቀዝቀዣ ለአንቺ ነው?»

«ለኔማ ማን ያስባል፣ ጋሽ ሙደሲር! ለእሱ ነው።»

ሙደሲር ማሽኑን ዞረው፣ አሸተተው፣ ጆሮውን ለጠፈበት። ከዚያ እጁ ሲዝል ፋይሎቹን ከማሽኑ አናት ላይ አስቀመጠ። ምብራት ጮኸች።

«አንሳ! አንሳ! መተንፈሻው ላይ ነው የጫንክበት! ሲሞቅ ይቆማል እኮ!»

«በስንት ደቂቃ?»

«ምን?»

«በስንት ደቂቃ ነው የሚቆመው?»

መልሷን አልጠበቀም። ፋይሉንም ጫማውንም እዚያው ትቶ በካልሲ እስከ ካፌያችን ድረስ ሮጠ። ፒያሳ በካልሲ የሚሮጥ የመንግሥት ሠራተኛ አይታ ስለማታውቅ የሲኒማው ሰልፍ ዞሮ ተመለከተው።

«ዳንቴሉ ነው!» አለን፣ እያለከለከ። «እኔ ቤት ሲመጣ ራቁቱን ነው። አዳራሽ ሲመለስ ገበር ያለው፣ ስታርች የጠጣ ዳንቴል ያለብሱታል። መተንፈሻው ተደፍኖ ነው የሚሞተው! ዘፈኑ ላይ ገና አልሞቀም። ንግግሩ ላይ ሲደርስ ታፍኖ ያልቃል!»

እንኳን ደስ አለህ ልንለው አፋችንን ከፈትን፤ መልሰን ዘጋን። እሱም ገብቶት ቁጭ አለ። ማጭድና መዶሻው ነው ቴሌቪዥኑን ያፈነው ብሎ ማን በአዳራሽ ይናገራል? «አርማውን አንሱልኝ» የሚል ሰው ራሱ ነው የሚነሳው።

«በስውር ብትቀድደውስ?» አለ ባለ ሰዓቱ።

«የቱ ጋ? መዶሻው ላይ ወይስ ማጭዱ ላይ?»

መፍትሔው የተገኘው ከሸፊቃ ነው። ሸፊቃ ራሷ ዳንቴል ትሠራለች፤ ሙደሲር አስወልቆባት ነው እንጂ አሥራ አራቱንም ሬዲዮ ታለብስ ነበር። ነገሩን ስትሰማ በባሏ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ የምታስበው ስለ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። አራት ወር የሠራችው ሴትዮስ? ማጭድና መዶሻው ያለው እላይ አናቱ ላይ ነው። ሕዝቡ የሚያየው ጫፉን ብቻ ነው። አርማውን የሚያየው ጣሪያው ነው! እኔ ብሆን በንዴት እሞታለሁ። ግድግዳ ላይ ይሰቀልልኝ ብላ የማትጠይቀው ይሉኝታ ይዟት ነው።»

ሙደሲር ዓርብ ቀኑን ሙሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስን ፈለገ። ስብሰባ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋትም ሌላ ስብሰባ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ማታ ሁላችንም ያው ስብሰባ ላይ ሆንን።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሦስቱ እንግዶች ፊት ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን ለብሷል፤ ለእንግዶቹ ክብር ሲባል ስታርቹ ተጨምሮበት ቆርቆሮ መስሏል። ጓድ እምሩ ቁልፉን ሊጫኑ እጃቸውን ሲዘረጉ ሙደሲር ተነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግለ ሂስ ማድረግ እፈልጋለሁ።»

ግለ ሂስ የሚያደርግ ሰው አይቋረጥም፤ ደንብ ነው። ጓድ እምሩ እጃቸው ባየር ላይ ቀረ።

«እኔ ለስድስት ወር ከባድ ስሕተት ፈጽሜአለሁ። ይህን ቴሌቪዥን ሦስት ጊዜ ስከፍት የውስጡን ብቻ ስመለከት የላዩን አላየሁም። ወይዘሮ ሰርክአዲስ አራት ወር የደከሙበት አርማ እነሆ ተኝቷል! ሰፊው ሕዝብ ጫፉን ብቻ እያየ፣ አርማውን ጣሪያው እንዲያየው ሲደረግ እኔ ዝም ብያለሁ። በዚህም ራሴን አጥብቄ እሂሳለሁ። አርማው ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ቆሞ፣ ሁሉም እንዲያየው ሐሳብ አቀርባለሁ።»

እንግዶቹ ጓድ እምሩን አዩ። ጓድ እምሩ ሙደሲርን አዩ፤ በዓይናቸው «ምን ተንኮል ነው ይሄ?» ይላሉ። ሙደሲር ግን ወይዘሮ ሰርክአዲስን ብቻ ነበር የሚያየው።

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ቀስ ብለው ተነሡ። የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ተባረክ» አሉ። «እኔ እኮ ለጣሪያ አልነበረም የሠራሁት።»

ሄደው በእጃቸው ገፈፉት። ሙደሲር ከኪሱ አራት ቡሎን አወጣ። ከዚያው ከቴሌቪዥኑ ሆድ ያተረፋቸው ናቸው። በካቻቪቴው ግድግዳው እንጨት ላይ አጥብቆ ሰቀለው። ጭብጨባው ቀለጠ። ጓድ እምሩ ቁልፉን ተጫኑ።

ሙደሲር ሰዓቱን ይዞ ተቀመጠ። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት። ተናጋሪው መነጽሩን አስተካከለ። ሠላሳ ስምንት። «ሁለተኛው ነጥብ» አለ ተናጋሪው፣ እኛም ከልማድ የተነሳ ኮታችንን መቆለፍ ጀምረን ነበር።

አልጠፋም።

ሦስተኛው ነጥብ መጣ። ዘጠነኛው መጣ። ከአሥራ ሰባተኛው በኋላ መቁጠር አቆምኩ። ንግግሩ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ ተጠግቶ ያየው ሰው ተናጋሪው በመካከሉ ጢም እንዳበቀለ ይምላል። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው የሙደሲርን እጅ ጨብጠው ሄዱ። የቀረነው ግን በሩ ላይ ጠበቅነው።

«ሙዴ፣ ምን በደልንህ?»

«ልጆቼ ረስተውኛል!»

«ያንን ዳንቴል ያነሳ እጅ...» ብሎ ጀመረ ባለ ሰዓቱ፤ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከኋላው ስለነበሩ «ይባረክ» ብሎ ጨረሰው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ተሰበሰብን። አርማው ግድግዳው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ራቁቱን። ዘፈኑ መጣ፣ ዜናው መጣ። ተናጋሪው ገና የመጀመሪያውን ነጥብ ሳይጨርስ ድርግም አለ!

ሰው ሁሉ ወደ ሙደሲር ዞረ። ሙደሲር አንገቱን አስግጎ አየ። ቴሌቪዥኑ አናት ላይ፣ በአራት ታጥፎ፣ አንድ ወፍራም ጋቢ ተቀምጧል። ከዚያ ሊቀመንበሩን አየ። ጓድ እምሩ በካኪ ኮታቸው ብቻ ሆነው፣ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው፣ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ።

«ምን ይደረግ» አሉ ጓድ እምሩ፣ ማንንም ሳያዩ። «እሱም ይደክመዋል። ስብሰባው ተበትኗል።»

ማታውን ስንወጣ ሙደሲር ከመብራት እንጨት ሥር ቆሞ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በትከሻው ላይ አንገቴን አስግጌ አነበብኩ፦

«ዳንቴል ከነስታርቹ፦ ሠላሳ ስምንት። ጋቢ በአራት ታጥፎ፦ ሠላሳ አንድ።»

«ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት።

«ምንም» አለ፣ ደብተሩን ከካቻቪቴው አጠገብ እየከተተ። «በሁለት ቢታጠፍስ ብዬ ነው።»