ለጸሎት ብሎ የነገረው

ካራቫን የሚባለው ተጎታች ቤት ከመኪና ጋር ሲያያዝ ሁለቱ ሰንሰለቶች ከመጎተቻው ሥር ተሻግረው፣ የግራው ወደ ቀኝ የቀኙ ወደ ግራ ሆነው መታሰር አለባቸው። መጎተቻው ድንገት ቢወልቅ አፍንጫው አስፋልቱን ከመምታቱ በፊት ሰንሰለቶቹ ይይዙታል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፍሌሚንግደን ፓርክ ባለው ክፍላችን ተቀምጬ ከቪዲዮ ተማርኩት። ጋሼ በዚያ ሰመር ወደ ሰሜን አብሬያቸው እንድሄድ የፈለጉትም ለዚህ ነበር።

ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ የሚኖሩት ኢስት ዮርክ ነው፤ ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ እንደወጡ ያገለገለ ካራቫን ገዙና የሱፒሪየርን ሐይቅ ዳርቻ ይዘው፣ በጫካ መሐል ተራርቀው የተቀመጡትን ትንንሽ ከተሞች ለማየት ተነሡ። አራተኛው ተጓዥ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ነበር። እሱና ጋሼ እየተቀያየሩ ይነዳሉ።

እኔ የማልነዳው የሚጥል በሽታ ስላለብኝ ነው። ይህን የሚያውቀው ጓደኛዬ ብቻ ነበር። አብረን ቤት ስንከራይ የነገርኩት ማወቅ ስለነበረበት ነው። ከወደቅሁ በጎኔ አስተኛኝ፣ ጨብጠህ አትያዘኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም ነገር አታስገባ፣ ሰዓት ተመልከት፣ ቶሎ ካልቆመ አምቡላንስ ጥራ አልኩት። በቃሉ እንዲደግምልኝ አደረግሁ፤ ደገመው።

ለእትዬ የእህት ልጅ ግን ገና አልነገርኳትም። ከመዘምራን ልምምድ በኋላ እንደ ፍቅረኛ አብረን መሄድ ከጀመርን ብዙ አልቆየንም ነበር። ከጉዞው ስመለስ ፊት ለፊት ተቀምጬ ልነግራት ወስኜ ነበር፤ ሐኪም የሚያውቀው በሽታ እንደሆነ፣ መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ እንደምወስድ። በእኛ ሰው ዘንድ ስለዚህ ነገር መጀመሪያ የተሰማው ቃል ነው የሚቀረው። ያንን የመጀመሪያ ቃል እኔ እንድናገረው ፈልጌ ነበር።

ዋዋ የምትባለውን ከተማ አልፈን ኔትወርክ በሌለበት አንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር አደርን። ጠዋት ቁርስ በልተን፣ የካራቫኑን የድጋፍ እግሮች ካነሣሁ በኋላ እንደ ሁልጊዜው ለጸሎት ቆምን። ጋሼ ስለ መንገዱ አመሰገኑ፤ አጋዘን ከጫካ ዘሎ እንዳይገባብን ለመኑ። ከዚያ እጃቸው ራሴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጥለውን መንፈስ አንተ ገሥጽልን።»

እትዬ አሜን አሉ። ጓደኛዬም አሜን አለ፤ ድምፁ ግን ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ዓይኔን ገልጬ የጋሼን ጫማ አየሁ። በሽታው የጀመረኝ ካደግሁ በኋላ ነው፣ ከሕፃንነቱ የሚለው ስህተት ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያች ቅጽበት ወደ አእምሮዬ የመጣው ይህ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬን የውሃ ታንኩን ሲሞላ አገኘሁት።

«ነገርካቸው።»

«ለጸሎት ነው እኮ፣ ለወሬ አይደለም» አለኝ ከውሃ ጎማው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

«መንፈስ ነው ብዬህ አውቃለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ? ብቻዬን ስሸከመው ከበደኝ። መንገድ ላይ ብትወድቅስ? እነሱ ማወቅ የለባቸውም?»

ይህ የመጨረሻው እውነት ነበረው። ልተውለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ግን ሄጄ ሰሃን የሚያደርቁትን እትዬን፣ ብወድቅ ምን አድርጉ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«እጃችንን ጭነን እንድንጸልይልህ ነዋ፣ የኔ ልጅ። ሌላ ምን አለ?»

በጎን ስለማስተኛት አልነገራቸውም። ስለ ሰዓቱም፣ ስለ አምቡላንሱም። ከዚያ እትዬ ደስ የሚለኝ መስሏቸው፣ ትናንት ዋዋ ላይ ኔትወርክ ሳለ እንዲጸለይልኝ ለሴቶቹ የጸሎት ግሩፕ በስልክ መልእክት እንደላኩ ነገሩኝ። የእህታቸው ልጅም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ናት።

ጓደኛዬ ይነዳ ነበር። ድንጋይና ጥድ፣ አልፎ አልፎ ውሃ፣ ከዚያ እንደገና ጥድ። ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። «ሐይቁን እየው እንጂ» አለኝ በመስታወቱ፤ «እሱ ኔትወርክ አይፈልግም።» ጋሼ ሳቁ።

ኋይት ሪቨር ነዳጅ ለመቅዳት ስንቆም ስልኬ ሰራ። ከማደያው ጀርባ ሄጄ ደወልኩላት። ቶሎ አነሣች።

«ለምንድን ነው አንተ ያልነገርከኝ?» አለችኝ።

ስመለስ ልነግራት እንደነበር ነገርኳት። ከዚያ የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ባሰብኩት ቅደም ተከተል አወራሁላት፤ ሐኪሙን፣ ምርመራውን፣ መድኃኒቱን። አንድም አላጎደልኩም። ግን አምኜ ላካፍላት ያሰብኩት ነገር፣ ስሰማው፣ የተከሰሰ ሰው መልስ ሆኖ ነበር። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

«ታዲያ ለምን መንፈስ ነው ይላሉ?» አለች ቀስ ብላ። «አብሮህ የሚኖረው እሱ ነው። ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሚጮኸው ድምፅ የእሱ አይደለም ብሎ ለአክስቴ ነግሯታል።»

አብረን መኖር ከጀመርን ወዲህ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም።

«አይቶኝ አያውቅም» አልኳት።

የምታምነኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ከዚያ አክስቷ ሲመለሱ፣ እሳቸው ባሉበት ቁጭ ብለን ብናወራ እንደሚሻል ነገረችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ልላት የምችለው ነገር ሁሉ እንደ ክርክር ይሆን ነበር።

መኪናው ጋ ስደርስ ጓደኛዬ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኝ ነበር። ለእኔም ሻይ ገዝቶልኛል፤ ስኳሩ ልክ እንደምወደው ነው። ተቀብዬው ከኋላ ገባሁ።

«ደህና ናት?» አለኝ።

ቀበቶዬን አሰርኩ። የዘወትር ዝምታዬ መስሎት ማርሹን አስገባ፤ እትዬም መዝሙሩን እንዲከፍትላቸው ጠየቁት።