ፈትሉን ማን ፈተለለት?

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ አባቴ የሸመነውን የመጨረሻ ባና ለአንዲት ትንሽ ሙዚየም ሰጠሁ። ልጅ የለኝም፤ ወንድሜም ሞቷል። ያ ወፍራም የሱፍ ልብስ ከእኔ በኋላ የአይጥ መጫወቻ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ከወራት በኋላ ልየው ብዬ ከሞላሌ በሚኒባስ ሄድኩ። ባናው ጥግ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። በሩ ሲከፈት ዓይን የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ግን ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል፤ አንድ ሸማኔ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ባና ሲሠራ። ከሥሩ «የሙዚየሙ ዋና ሀብት» ይላል።

አስጎብኚውን ወጣት «ይህን ማን መረጠው?» አልኩት።

«ኮሚቴው ነው፣ ቲቸር። እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እሱ ጋ ነው።»

«ታዲያ ፈትሉን ማን ፈተለለት?»

ዞር ብሎ ሥዕሉን አየ። «ሠዓሊው የሸማኔውን ብቸኝነት ማሳየት ፈልጎ ይመስለኛል።»

አባቴ አንድ ቀን እንኳ ብቻውን ሸምኖ አያውቅም። እናቴ ብርሃን ፍለጋ በሩ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ስትነድፍ፣ እንዝርት ስታሾር ትውላለች። ክሩ ሲቀጥንበት «ምነው ዛሬ እጅሽ ሰሰተ?» ይላታል። «አንተ ቀስ ብለህ ምታ!» ትለዋለች። ሲነታረኩ ይመሻል። እሷ ስትሞት ከሸማኔ ጉድጓዱ ወጣ፤ ተመልሶ አልገባበትም። የፈተለችው ክር ተርፎ ነበር፤ አልነካውም።

ይህንኑ ለወጣቱ ነገርኩት። «ይጻፉልን» አለኝ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ለኮሚቴው ጻፍኩ። ሥዕሉ ይውረድ አላልኩም። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል ለምን እሱ ዋና ሀብት እንደተባለ ይነገረኝ አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ወጣቱ ደወለልኝ። ሥዕሉ ባለበት ይቆያል፤ በባናው ሣጥን ላይ ግን «ክሩን የፈተለችው ሚስቱ ናት» የሚል መስመር ተጨምሯል። ሥዕሉ ለምን ዋና ሀብት እንደተባለ ኮሚቴው አላስረዳም። ሄጄ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ስሟን እንኳ አልጠየቁኝም።

ያን ቀን ሌላ ጎብኚ አልነበረም። ወጣቱ ወንበር አምጥቶልኝ ወጣ። ሥዕሉን ገና ያኔ ረጋ ብዬ አየሁት። ሰውየው መወርወሪያውን ይዟል እንጂ አይወረውርም፤ ዓይኑም ሥራው ላይ አይደለም። አባቴ ከእናቴ በኋላ በኖረባቸው ዓመታት እንዲያ ነበር የሚቀመጠው። እኔ በየሳምንቱ እመጣለሁ እያልኩ በወር አንዴ ብቅ የምለው ያኔ ነው።

ለኮሚቴው የጻፍኩትን አሁንም አልለውጠውም። ግን ሊዘጉ እስኪመጡ ድረስ ከወንበሩ አልተነሣሁም።