የወንዝ ፈረስ

የያዙኝ ከቡሬ ገበያ ስመለስ ነው። «ለአርበኞች ጨው ታደርሳለህ» ብለው ጣሊያኖቹ እስር ቤት ወዳደረጉት የእህል መጋዘን ወሰዱኝ። መጋዘኑ በሳንቃ ተከፋፍሏል። እኔን ለብቻዬ አንዱ ክፍል ውስጥ አስገብተው ዘጉብኝ። መስኮት የለውም፤ የከረመ ጤፍ ይሸታል። የሚያናግረኝ ሰው ስላልነበረ፣ የገዛ ድምፄን እንኳ እንድሰማ ብዬ ዳዊት እደግም ነበር።

አንድ ጠዋት ከሳንቃው ማዶ፣ «ልጄ፣ ቀስ ብለህ ድገም፤ እኔም ልስማ» የሚል ድምፅ መጣ። በስንጥቁ ሳይ ነጭ ጢምና አንድ ዓይን ታየኝ።

«እርስዎን በምን ያዙዎት?» አልኳቸው።

«ዓባይን ታውቃለህ ብለው።»

በጉልምስናቸው ዘመን አንድ ፈረንጅ ዓባይን በጀልባ ካልወረድኩ ብሎ መጥቶ፣ መንገድ መሪ አድርጓቸው ነበር። ጀልባውን ፈታተው በበቅሎ ጭነው ቆላ ወረዱ። ከኋላው የሚገጠም ሞተርም ነበረው።

«‹እዚህ ውስጥ የስድስት ፈረስ ጉልበት አለ› አለን። እርስ በርስ ተያየን። ‹ምን ይበላሉ?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ጋዝ ይጠጣሉ› አይለኝም!»

ሳቅሁ። ከታሰርኩ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው።

«ብዙም ሳንሄድ ጉማሬ ከሥር ተነሥቶ ጀልባውን ገለበጠው። ፈረንጁን በጋቢዬ ጎትቼ አወጣሁት። እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። ለካ እነሱ ጉማሬን የወንዝ ፈረስ ነው የሚሉት። ‹ስድስቱን ፈረስ አንዱ ፈረስ ጣላቸው› ይለኛል።»

«ከዚያ ተመለሰ?»

«የት! በእግሩ ገደል ለገደል ቀጠለ። ደፋር ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና የወጡበትን የወንዝ መሻገሪያ፣ የመልካውን ምልክት ነገሩኝ። «ዛሬ ልጆቻችን የሚሻገሩት በዚያው ነው» አሉ። መልካው ከእሳቸው ጋር እንዳይጠፋ ብለው እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሹሙና አስተርጓሚው ወደ እሳቸው ገቡ።

«አርበኞቹ የሚሻገሩበትን መልካ አሳየንና ወደ ቤትህ ሂድ» አላቸው አስተርጓሚው።

ሽማግሌውን በስንጥቁ አየኋቸው። ለመጠጥ ካስቀሩት ውሃ ፊታቸውን ታጠቡ። ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ዓባይን የማሳየው ለእንግዳ ነው» አሉ።

አስተርጓሚው ወደ ሹሙ ዞሮ ተረጎመው። ወታደሮች ይዘዋቸው ወጡ። ውጪ መኪና ሲነሣ ሰማሁ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም።

ወዲያው ሹሙና አስተርጓሚው የእኔን በር ከፍተው ገቡ።

«ሽማግሌው ምን ነገረህ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ስለ ፈረስ» አልኩ።

«የምን ፈረስ?»

«ጋዝ ስለሚጠጣ ፈረስ።»

ሹሙ በጥፊ መታኝ፤ ሌላ ቃል ግን አልወጣኝም። ሲሄዱ ዳዊቴን ከጀመርኩበት ቀጠልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቆላ ወርጄ ስለ ሽማግሌው አጠያየቅሁ። የሚያውቃቸው አላገኘሁም። አሁን አርጅቻለሁ። ለእሳቸው የሙታን ጸሎት ሳስደርስ ቄሱ፣ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ይሉኛል።

«አልጠየቅኋቸውም» እላለሁ።

ቄሱም ስም ሳይጠሩ ይጸልዩላቸዋል።