ፈረስ ተብላ የቀረችው የአፍንጮ በር ላም

ጋሽ ኃይለማርያም አፍንጮ በር ተወልደው አፍንጮ በር ያረጁ ሰው ናቸው። ሥራቸው ምንድን ነው ብትሉኝ ዘር መቁጠር ነው። ፒያሳ ማኪያቶ የጋበዛቸውን ሰው እንኳ አያቱን ሳይጠይቁ ስኳሩን አያማስሉም። ላማቸውንም እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥሩላታል፤ ከቤተ መንግሥት በረት የወጣች ንጹሕ ያገር ዘር ናት ይላሉ። የሚያልቧትና እበቷን የሚዝቁት ግን ባለቤታቸው እትዬ እንቁ ናቸው። እትዬ ስለ ዘር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለና ለሁላችንም ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ለእነ ጋሽ ኃይለማርያም አራተኛ ፎቅ። ላም ደግሞ ደረጃ አትወጣም። እትዬ እንቁ ማልቀስ በጀመሩ ሰሞን ኢህሳን የምትባል የእንስሳት ዘር አጥኚ መጣች። ያገር ዝርያ መሆናቸው በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ላሞች ከተማው ዳር የጋራ በረት ይሰጣቸዋል አለች። እትዬ እንቁ እልል አሉ።

"ከጆሮዋ የምስር ፍሬ የምታክል ሥጋ ብቻ ነው የምወስደው" አለች ኢህሳን።

"የምትታለብ ላም የባዳ ዓይን አያያትም!" አሉ ጋሼ በረቱ በር ላይ ቆመው።

"እንግዲያው አባባ፣ እርስዎ ገብተው ከጅራቷ ጥቂት ፀጉር ከነሥሩ ይንቀሉልኝ" ብላ ፖስታ ሰጠቻቸው።

ብቻቸውን ገቡ። የላሟ ፀጉር ሰው እጅ ገብቶ መተት ቢሠራባትስ? ትልቁ ሰው ይህን ፈሩ። እናም በእጃቸው ከያዙት የዝንብ መከላከያ ጭራ፣ ከፈረስ ፀጉር ከተሠራው፣ ጥቂት መዘው ፖስታውን አሽገው ወጡ። ለሚስታቸው እንኳ አልተነፈሱም።

ውጤቱ ሲመጣ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ነበር። ኢህሳን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ ፀጉሩ የፈረስ ሆኖ ተገኘ። የተሳሳተ ነገር ካለ ይንገሩኝና አሁኑኑ ከጆሮዋ ልውሰድ፤ የበረቱ ምዝገባ ዛሬ ይዘጋል" አለቻቸው።

የአራዳ ልጅ ደግሞ ሹክሹክታ አያመልጠውም። "ጋሼ፣ ኮርቻዋን የት ደበቋት?" አለ አንዱ ከኋላ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

"ስህተቱ የማሽናችሁ ነው!" አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው። "እኔ ቤት ስህተት የለም!"

እትዬ እንቁ ምንም ስለማያውቁ ማሽኑን ረገሙት። ኢህሳንም ላሟን ሳትመዘግብ ሄደች።

በረቱ ስለቀረ ላሟ ልትሸጥ ሆነ፤ በሳምንቱ የሲን የሚባል የከብት ነጋዴ አይሱዙውን ይዞ መጣ። ዋጋ ለመስበር፣ "ፈረስ ናት ተብሎ የለ እንዴ?" ሲል የጋሼ ደም ፈላ።

"ላም ናት! ፀጉሩ የዚህ የጭራዬ ነው፣ እኔው ነኝ መዝዤ የሰጠሁት!"

እትዬ እንቁ የላሟን ገመድ እንደያዙ ወደ ባላቸው ዞሩ።

"ይህን ያን ቀን ብትናገር ምን ነበረበት?"

"ሰው ይስቅብኝ ነበራ!"

ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። እትዬ እንቁ የላሟን ግንባር ዳበሱና ገመዱን ለየሲን አቀበሉት።

"ውሰዳት" አሉት። "እዚህ ቤት ካለው ሰው አንተ ትሻላታለህ።"