አንጁሎ «ሸጥኩት» ያለው በሬ

ሌላው ስደተኛ በሌሊት ወጣሁ ሲል እሰማለሁ። እኔ ከአርባ ምንጭ የወጣሁት በጠዋት፣ አገር ምድሩ እያየኝ፣ በጭነት መኪና ሙዝ ላይ ተቀምጬ ነው። ደርግ አይደለም ያሰደደኝ፤ እሱንማ ብዙ ሰው ችሎት ይኖር ነበር። እኔን ያሰደደኝ ካርታ ነው።

ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ሦስት ቀን ቁማር ተጫወትኩ። መሬቱ የመንግሥት ሆኗልና የማስይዘው ባጣ የታላቅ ወንድሜን የአንጁሎን በሬ አስያዝኩ። ተበላሁ። የበሉኝ ሰዎች ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው እርሻችን በሬውን ሊነዱ ሲመጡ አንጁሎ አንዴ አየኝና ወደ አባታችን ዞሮ፣ «እኔ ነኝ የሸጥኩት» አለ። አባቴ በሰው ፊት አዋረደው። አንጁሎ አንገቱን ደፍቶ ቻለ፤ እኔ አፌን ለጎምኩ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ፤ በማግስቱ መኪና ላይ ወጣሁ።

ሞያሌ ላይ ከከብት ነጋዴዎች ጋር ተደባልቄ፣ የሰው በሬ እየነዳሁ ድንበሩን ተሻገርኩ። እግዜር ሲቀልድ!

የናይሮቢ ብርድ የደጋችንን የጨንቻን ያስታውሳል፤ ሱኩማ የሚሉት ጎመናቸው ግን ከእኛ የሽፈራው ቅጠል አጠገብ አይደርስም። ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። አንድ እሑድ እነሱ ካርታ ይዘው ተቀመጡ፤ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አየሁ። ተጣሉ፤ ቢላ ተመዘዘ። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ማንም እጁን አያነሳም። ሽማግሌ ከየት ይምጣ? እኔው ከግቢው ሳር ነጭቼ መሀላቸው ተንበረከክሁ። የጎንደርና የሐረር ልጆች ሳሩን ምን ያውቁታል? ብቻ ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

አከራያችን ማማ ዋንጂሩ እየሮጠች መጣች።

«ሳሬን ለምን ነቀልክ?»

«ለእርቅ ነው፣ ማማ።»

«ፍየል እንኳ ሳሬን በልታ ሰበብ አትደረድርም! መልሰህ ትከል!»

ተከልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በሰሃን ይዛልኝ መጣች። ኋላም ወንድሟ ጋራዥ ያስቀጠረችኝ እሷ ናት፤ እግዜር ይስጣት። እንደ እሷ ያሉ ደጎች ባይኖሩ ዛሬ ይህን የምጽፍ ሰው አልሆንም።

በዓመቱ በደብዳቤ ተቀጣጥረን አንጁሎ አባቴን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ካለው ቴሌ ድረስ አመጣልኝ። እኔ ናይሮቢ ፖስታ ቤት ነበርኩ። የተሰጠን ሦስት ደቂቃ ነው።

«አባዬ፣ በሬውን በቁማር ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «አንጁሎ ውሸት አይችልበትም። ያኔውኑ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ እሱን ለምን ሰደብከው?»

«ጥፋትህን ሊሸከምልህ ወደደ፤ እኔ ሸክሙን እንዴት ላውርድለት? አንተ ራስህ እስክትናገር ጠበቅሁ። አንተ ግን ሄድክ።»

አለቀስኩ፤ እሱ ቀጠለ።

«በል፣ ሳልመርቅህ ነው የሄድከው። ያበላህ እጅ ይባረክ። የያዝከው ይባረክ። ወደ ቤትህ…»

መስመሩ ተቋረጠ። ወረፋ የያዙት ሰዎች እያዩኝ፣ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ።