ከሚስማሩ ላይ ያልነበረው የእጅ ባትሪ

ቬልማ ስትራንድ በሳልመን ወንዝ ዳር በሚጠማዘዘው ጠባብ መንገድ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ አንድ ልጅ እንኳ ግንባሩ ሳይላጥባት ጡረታ ወጣች። በዚያ የአይዳሆ ሸለቆ ውስጥ ስሟ ሲነሣ ጥንቃቄ አብሮ ይነሣ ነበር። ባሏ ሲሞት ጋራዡ ውስጥ ጥይት የሚሞላበትን ጠረጴዛ ትቶላት ሄደ። የመጀመሪያውን ክረምት ብቸኝነትን ሽሽት ተቀመጠችበት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማንም አስገድዷት አልነበረም፤ ወዳው ነው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ የተተኮሰውን ቀለህ አጽድቶ ወደ ቀድሞ ልኩ መመለስ፣ ከቂጡ ሲመታ እሳት የሚሰጥ አዲስ መለኮሻ መትከል፣ ባሩድ መጥኖ መጨመር፣ በመጨረሻም የሚወነጨፈውን እርሳስ በአፉ ላይ መግጠም። የልጇ የጆሊን ሽጉጥ ግን አመለኛ ነበር። ጠባብ አፈሙዝ ያለው ማግነም የሚሉት ዓይነት ሪቮልቨር ሲሆን፣ ከመደብር የተገዛ ጥይት ሲጎርስ ዒላማው ላይ ለዶሮ እንደተበተነ ጥሬ ይዘራዋል። ቬልማ ክረምቱን ሙሉ አባበለችው። ባሩዱን በቅንጣት ትጨምራለች፣ በቅንጣት ትቀንሳለች፤ እርሳሱን አንድ ቀን ጠለቅ፣ አንድ ቀን ከፍ ታደርገዋለች። ጆሊንም ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፋ ትተኩስና እናትና ልጅ ወረቀቱ ላይ ያቀረቅራሉ። በረዶው ቀልጦ ወደ ወንዙ መውረድ ሲጀምር፣ የአምስቱም ጥይት ቀዳዳ በአንድ የካፖርት ቁልፍ የሚሸፈንበት ምጣኔ ተገኘ።

ምጣኔው በጣም ጥቂት ባሩድ ነበር፤ የቀለሁን ሆድ ግማሹን እንኳ አይሞላውም። መልካምነቱም አደጋውም ከዚሁ ላይ ነው። በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት ቀለሁ ያለ አንዳች ምልክት ይውጠዋል፤ ሽጉጡ ግን አይችለውም፤ በተኳሹ እጅ ውስጥ እንዳለ ይፈነዳል። ስለዚህ ከጠረጴዛው በላይ፣ በሚስማር ላይ፣ የእጅ ባትሪ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ቬልማ እርሳስ ከመግጠሟ በፊት በተደረደሩት ቀለሆች አፍ ላይ እያበራች የእያንዳንዱን ባሩድ ከፍታ ታያለች። በዓይኗ ያላየችውን ዘግታ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጆሊን የጥይት ሳጥኑን ወስዳ ክረምቱን ሙሉ ወደተዘጋጁለት የዒላማ ተኩስ ውድድር ሄደች። ቬልማ ጠረጴዛዋን ልታጸዳ ጋራዥ ገባች። እግረ መንገዷን እጇን ወደ ሚስማሩ ሰደደች። ባዶ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማት መገረም ብቻ ነው። ቀጥሎ ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ የሆነው ነገር መጣባት። ቀለሆቹን እየሞላች ሳለ ጎረቤቷ ኦርቪል በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ፣ «ቬልማዬ፣ ያቺ መዘዘኛ ውሻዬ ከመጋዘኑ ወለል ሥር ገብታ አልወጣም አለች፤ እስኪ ያንን ባትሪሽን አውሺኝ» አላት። በእጇ የያዘችውን ቀለህ ከሌሎቹ ጋር አቁማ ተነሣች፤ ባትሪውን ሰጠችው፤ የውሻዋንም ታሪክ ከእናቷ ጀምሮ አዳመጠች። እርሱ ሲሄድ ተቀምጣ ካቆመችበት ቀጠለች። ከዚያም እርሳሶቹን ገጠመች።

ሳታይ ገጠመች።

ካቆመችበት? የት ነበር ያቆመችው? የያዘችው ቀለህ ባሩድ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ስትመለስ የተሞላውን አንሥታ ደግማ ሞልታው ቢሆንስ? አእምሮዋ የኦርቪልን ጭቃማ ጫማ፣ የውሻዋን ስም፣ የበሩን ሲጥታ ሁሉ ይሰጣታል፤ ይህን አንዱን ነገር ብቻ ከለከላት።

ጆሊን በፈረስ ኮቴ ላይ ብረት እየመታች የምትኖር ሴት ናት። እጇ እንጀራዋ ነው።

ስልክ ደወለች፤ የተኩስ ሜዳው ገደል ውስጥ ነውና መስመር አልነበረም። የካፖርቷን አንድ እጅጌ ብቻ እንዳጠለቀች መኪናዋን አስነሣች። መንገዱ አጋማሽ ላይ ጥቋቁር ላሞች መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ወደ በጋ ግጦሻቸው ይወጣሉ። ጡሩምባዋን ብትነፋ፣ ከኋላ የሚነዳቸው ባለ ፈረስ ዘወር አለ።

«እትዬ ቬልማ! እነዚህ እኮ ተማሪዎችሽ አይደሉም፤ ጡሩምባ ሰምተው አይሰለፉም።»

«መንገድ ልቀቅልኝ!»

«እኔማ በለቀቅኩ፤ እነሱን ለምኚያቸው።»

ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱ ከአፉ ላይ ጠፋ፤ ምንም ሳይጠይቅ ፈረሱን መንጋው መሐል አስገብቶ መንገድ ከፈተላት።

ከዋናው መንገድ ስትታጠፍ ተኩሱ ተሰማት። ከሌሎቹ ከባድ ድምፆች መሐል የጆሊንን ሽጉጥ ለየችው፤ እንደ ጅራፍ ቀጭንና ስል ነበር። አንዱ ሲጮኽ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ቀጣዩ ሲከተል ልጇ አሁንም እጅ እንዳላት ታውቃለች። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ጸጥታው ከተኩሱ ይልቅ አስፈራት።

በዚያ ሜዳ ደንብ፣ ተመልካችም ቢሆን ማንም ሰው «ተኩስ አቁም» ብሎ መጮኽ ይችላል፤ የሰማ ሁሉ ሽጉጡን ያስቀምጣል። የጮኸው ሰው ግን በሁሉ ፊት ምክንያቱን ይናገራል። ቬልማ ከመኪናዋ ስትወርድ ተኳሾቹ ለመጨረሻው ዙር፣ ለፍጥነት ተኩሱ፣ ተሰልፈው አየች። ጆሊን ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ከበሮ ሞልታ ልትዘጋው ነበር።

«ተኩስ አቁም!» ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ጆሊን፣ አስቀምጪው!»

«እማዬ! ምን ሆንሽ? እየመራሁ ነው እኮ!»

«ጥይቱን አበላሽቼዋለሁ። ሳላይ ነው የዘጋሁት።»

ከሰልፉ መሐል ቀይ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ሳቀ። «ቬልማ ስትራንድ ተሳሳተች? እንግዲያው ዓለም ሊያልቅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ እንተኩስ!»

ብዙዎች አብረው ሳቁ። የሜዳው ኃላፊ ሽማግሌው ሆይት ግን አልሳቀም። ቀኝ እጁን አነሣ። ከዚያ እጅ ሁለት ጣቶች የሉም፤ ስለ እነርሱም ሲጠየቅ ሁልጊዜ «ዓሣ በላቸው» ነበር የሚለው።

«ሽጉጦች ሁሉ ባዶ ይሁኑ» አለ። «ከመስመሩ ውጡ።»

«ጥይቶቹን ሚዛን ላይ አውጧቸዋ፤ ባሩድ የበዛበት ይከብዳል» አለ ወጣቱ።

«አይሆንም» አለች ቬልማ። «ቀለህ ከቀለህ፣ እርሳስ ከእርሳስ የሚበላለጠው ከዚያች ባሩድ ክብደት ይበልጣል። ሚዛን ይዋሻል። ሁሉም መፈታት አለበት።»

«ሁሉን ከፈታሽው በምን ልጨርስ?» አለች ጆሊን፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«አትጨርሺም።»

«ክረምቱን ሙሉ የለፋነው ለዛሬ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ሆይት ከመኪናው ጥይት መፍቻውን መዶሻ አመጣ። ጥይቱ በመዶሻው ባዶ ጭንቅላት ውስጥ ይገባና መዶሻው እንጨት ላይ ሲመታ እርሳሱና ባሩዱ ተነቅለው ይወድቃሉ። በመኪናው የኋላ መዝጊያ ላይ፣ ከፓይ ኬክ የተረፈ ነጭ የወረቀት ሳሕን አስቀመጡ። ከሽጉጡ በወጡት ጀመሩ። ሆይት መታ፤ ትንሽ ግራጫ ክምር። መታ፤ ያው ክምር። ከሽጉጡ የወጡት ሁሉ ደኅና ነበሩ። ጆሊን በረጅሙ ተነፈሰች፤ ዓይኗን ግን ከእናቷ አዞረች። ወጣቱም «ያለ ምክንያት ውድድር ፈረሰ» ብሎ አጉረመረመ።

የቬልማ ፍርሃት ግን አልቀነሰም። ሳጥኑ በጎደለ መጠን፣ የነበረው ፍርሃት ሁሉ በቀሩት ላይ እየተከመረ ሄደ። ሆይት ከሳጥኑ ሌላ ጥይት አነሣ።

መታ። እርሳሱ ወደቀ። ሌላ የወደቀ ነገር የለም። አራገፈው፤ ደግሞ አራገፈው። ሳሕኑ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ባዶ ነው?» አለ ወጣቱ። «ታዲያ ባዶ ምን ያደርጋል? አይተኩስም፤ በቃ።»

ቬልማ ግን ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ታያት። ኦርቪል ሲገባ በእጇ የያዘችው ቀለህ ገና ባሩድ አልነበረበትም፤ ለመነሣት ስትቸኩል ከተሞሉት መሐል አቁማዋለች። ጠዋቱን ሙሉ የፈራችው ድርብ ባሩድ ነበር፤ ያስቀመጠችው ግን ባዶ ቀለህ ነው።

«መለኮሻው ብቻውን እርሳሱን አፈሙዙ ውስጥ ይገፋዋል» አለ ሆይት፣ ለወጣቱ። «እዚያ ይቀረቀራል። ዝግ ብለህ ስትተኩስ ድምፁ ያስጠነቅቅሃል። በፍጥነት ተኩስ ግን ጣትህ ጆሮህን ይቀድማል፤ ቀጣዩን ከተቀረቀረው ኋላ ትልከዋለህ፤ ሽጉጡም እጅህ ላይ ይፈነዳል።»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«እነዚህ» አለ ሆይት፣ ጣቶቹ የነበሩበትን ቦታ እያሳየው።

ወጣቱ ኮፍያውን አወለቀ። ጆሊን የቀሩት እስኪፈቱ ጠበቀች፤ ከዚያ የእናቷን ሁለተኛ የካፖርት እጅጌ አልብሳ ጨረሰችላትና የመኪናዋን ቁልፍ ተቀበለቻት። «መኪናዬን ነገ እወስደዋለሁ። እኔ ነኝ የምነዳው።»

ሲመለሱ ኦርቪል ደጅ ላይ ቆሙ። ባትሪውን ይዞ እየሣቀ ወጣ። «ቬልማዬ፣ ገና ቤት ሳልደርስ ውሻዋ በራሷ ወጥታ ጠበቀችኝ! አላበራሁትም እንኳ።»

ቬልማ እጇን በመስኮቱ ዘርግታ ባትሪውን ተቀበለችው። ጭኗ ላይ አኖረችው፤ መንገድ ቀጠሉ። ትንሽ እንደሄዱ አበራችው፤ ብርሃኑንም መሪው ላይ ወዳረፉት የልጇ እጆች አዞረችው።

«እማዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ምን ታበሪያለሽ?»

«በዓይኔ ላያቸው ነው» አለች ቬልማ፤ ጋራዡ ደጅ እስኪደርሱም አላጠፋችውም።